ቀጠሮውም ሕክምና ነው
ከታይሮይድ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስላለው የሴቶች ክትትል የተደረገ ዲስኩር



 የታይሮይድ ካንሰር እንዴት እንደሚገኝና እንዴት ተቆርጦ እንደሚወጣ በየመድረኩ ይነገራል። እኔ የምጀምረው ሌላው ተናጋሪ ከሚያቆምበት ነው፤ ስፌቱ ተፈትቶ፣ ጎረቤት «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ብሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም «ተመስገን፣ አለቀ» ካለበት ቀን። አላለቀም ልላችሁ ነው የመጣሁት። በዚህ በሽታ ቀዶ ሕክምናው የሐኪሙ ድርሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት የሚዘልቀው ድርሻ ግን በታካሚዋ እጅ ነው፤ ጥቂት ነገር በግልጽ ከተነገራትም በሚገባ ትወጣዋለች።

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በአንገታችን ፊት የተቀመጠ ዕጢ ነው። እኛ አገር ሰው የሚያውቀው ሲያብጥ ነው፤ እንቅርት ይለዋል። የሰሜን እናቶች አንገታቸውን ሲነቀሱ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ይከለክላል የሚል እምነትም ነበረበት። አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። ካንሰር ሲሆን ግን ወደ ሴቶች ያደላል፤ በዓለም ዙሪያ አንድ ወንድ ሲያዝ ወደ ሦስት ሴቶች ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ከ800 ሺህ በላይ አዳዲስ ታካሚዎች ተገኝተዋል። ብዙው ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ፎሊኩላር የሚባለው ደግሞ አዮዲን ባነሰባቸው አካባቢዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበዛል። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸውና ክትትል ከተደረገላቸው ብዙ ጊዜ ይድናሉ። በዚህ ምክንያት «ቀላል ካንሰር ነው» ይባላል። ለታማሚዋ እንዲህ አትበሏት። ቀላል ያላችሁት ነገር አንገቷን አስከፍቷታል፣ በየማለዳው ኪኒን ያስውጣታል፣ በየቀጠሮው ዋዜማም እንቅልፍ ይነሳታል።

ለክትትል ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው አንድ ታሪክ ያስረዳናል። ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በበርን ከተማ ይሠራ ነበር። በዘመኑ እንቅርት ማውጣት ብዙ ሰው የሚሞትበት ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ኮኸር በንጽሕናውና ደም በማስቆም ችሎታው ሞቱን እጅግ ዝቅ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1874 የአንዲት የ11 ዓመት ልጅን ዕጢ ሙሉ በሙሉ አወጣ። ቁስሏ ዳነ፤ ወደ ቤቷም ሄደች። ዓመታት አልፈው አንድ ሐኪም ልጅቷ እንደ ተለወጠች ነገረው። አስጠርቶ ሲያያት ታናሽ እህቷ በቁመት ጥላት ሄዳለች፤ እሷ አጥራ፣ ፊቷ አባብጦ፣ አእምሮዋም ደንዝዞ አገኛት። ኮኸር ደነገጠና የቀሩትን ታካሚዎቹንም እየጠራ መረመረ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው የበዙት እንደዚያው ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ያየውን ሳይሸሽግ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ተናገረ፤ በ1909ም በታይሮይድ ላይ ለሠራው ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የታይሮይድ ዕጢ ለሰው ምን እንደሚሠራ ዓለም በደንብ የተረዳው ታካሚዎች ተመልሰው ሲታዩ ነው።

መፍትሔውም ብዙ አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ዕጢዋ መሥራት ላቆመባት አንዲት የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ የወጣ ፈሳሽ በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ተነሣች፤ እስከ 74 ዓመቷም ኖረች። በእነዚያ 28 ዓመታት ለመድኃኒቷ ዕጢያቸው የተወሰደ በጎች ከ800 በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ ኬንዳል አሜሪካ ውስጥ ሆርሞኑን ለይቶ አወጣ። ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠራው ይኸው ሆርሞን ሌቮታይሮክሲን በሚባል ትንሽ ኪኒን ይሰጣል። ያ ሁሉ በግ ያስፈለገው ሥራ አሁን በጠዋት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይከናወናል።

አሁን ወደ ታካሚዋ እንምጣ። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጀምር።

በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚፈራው ደም መፍሰስ ነው። አንገት በድንገት ካበጠ፣ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ለደቂቃ እንኳ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ ነርስ ይጠራ፣ ቤት ከሆነችም በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። ሁለተኛው ድምፅ ነው። የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ዕጢውን ታክከው ስለሚያልፉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፅ ሊጎረንን ይችላል። አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ውኃ ስትጠጣ ትን የሚላት ከሆነ፣ ወይም ጎርናናነቱ አልለቅ ካለ፣ የአንገት በላይ ሐኪም የድምፅ አውታሯን ማየት አለበት። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ሌላ ነርቭም አለ። እሱ ሲነካ ንግግር ደህና ይሆንና ከፍ ያለው ድምፅ ይጠፋል። «ድምፄ ደህና ነው፤ እልልታው ግን እምቢ አለኝ» የምትል እናት ካጋጠመቻችሁ አትሳቁባት፤ ለሐኪሟ የሚጠቅም ትክክለኛ ምልክት ነው የነገረቻችሁ።

ሦስተኛውን በደንብ አድምጡኝ፤ ብዙ ጊዜ ቤት ከተገባ በኋላ የሚመጣ ነው። ከታይሮይድ ጀርባ ብዙ ጊዜ አራት የሆኑ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሆኑ ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎች አሉ፤ የደማችንን ካልሲየም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ከተነኩ ካልሲየም ይወርዳል፤ በይበልጥም የሚወርደው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው። በከንፈሯ ዙሪያና በጣቶቿ ጫፍ ይነዝራታል፤ ይደነዝዛታል። ከባሰ እጇ ይኮማተራል፤ ጣቶቿ ተቆላልፈው አልፈታ ይላሉ። ይህን ያየ ቤተሰብ «ቡዳ ነው፣ ዓይን በልቷት ነው» ብሎ ጭስ ሲያጨስ ውድ ሰዓት ያልፋል። ጉዳዩ የካልሲየም ማነስ ነው፤ መድኃኒት አለው። ንዝረቱ ሲጀምራት የታዘዘላትን የካልሲየም ኪኒን ትውሰድ፤ ካልተሻላት ወይም እጇ ከተቆላለፈ ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ውሰዷት፤ በደም ሥር ይሰጣት። ለአብዛኞቹ ሴቶች ይህ ችግር ጊዜያዊ ነው። ለጥቂቶች ግን ይቀራል፤ እነሱ ካልሲየምና የተዘጋጀ ቫይታሚን ዲ ለረዥም ጊዜ ይወስዳሉ።

ስለ ጠባሳውም አንድ ቃል ልናገር። የእኛ ቆዳ ጠባሳን የማሳበጥ ዝንባሌ አለው። ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ስትከተብ ጠባሳዋ አብጦ የቀረባት ሴት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ትንገር። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከፀሐይ በሻሽ ትሸፍነው። አንገቷንም ፈርታ አታድርቀው፤ ሐኪሟ ሲፈቅድላት ቀስ እያለች ወደ ግራና ቀኝ ታዙረው። ጀሪካን መሸከም ግን ይቆያት። በዚህ ጊዜ ውኃውን ሌላው የቤት ሰው ይቅዳ።

አሁን ኪኒኗ ጋ ደረስን። ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ የወጣላት ሴት ሌቮታይሮክሲንን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። ዕጢዋ በግማሽ የወጣላት ላያስፈልጋት ይችላል፤ ምርመራው ይወስናል። መጠኑ በክብደት ይጀመራል፤ ለ60 ኪሎ ሴት በቀን 100 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። ከዚያ በደም ምርመራ ይስተካከላል። የሚመረመረው ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ነው፤ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ይመነጫል። ቲኤስኤችን እንደ አለቃ ቁጠሩት፤ ሠራተኛው ሲሰንፍ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሥራው ሲሠራ ዝም ይላል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቲኤስኤች ይወጣል፤ ሲበዛ ይወርዳል። መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ደም ይታያል። ከዚያ በፊት ቢታይ ውጤቱ ገና አልረጋም።

ኪኒኑ ጠባየ ልዩ ነው፤ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል። ወዳጆቼ፣ ቡናችን እዚህ ላይ ጣልቃ ይገባል። ቡና መድኃኒቱ በአንጀት የሚገባበትን መጠን ይቀንሳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የዋጠች ሴት አንድ ሰዓት ትታገሥና አቦል ትጠጣ፤ አንከለክላትም። ካልሲየምና የደም ማነስ አይረን ከኪኒኑ አራት ሰዓት ያህል ይራቁ። ጠዋት የማይመቻት፣ ከራት ሦስት ሰዓት ቆይታ ስትተኛ ልትውጠው ትችላለች። ዋናው ነገር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው።

ጾም ሲመጣስ? በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም እናት «ጾሜን ይፈታብኛል» ብላ ኪኒኑን ትተወዋለች። የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ያለ ዕጢ የምትኖር ሰው መድኃኒት ስትውጥ ጾም አፍርሳለች የሚላት ቄስ እኔ አላገኘሁም። ረመዳን የምትጾምም ከመተኛቷ በፊት ወይም ከስሑር ግማሽ ሰዓት ቀድማ መዋጥ ትችላለች። ጠበል የሚሄዱትንም ሂዱ እላለሁ፤ ኪኒኑን ግን በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒቱ ከሰውነት ግማሹ የሚወጣው በሳምንት አካባቢ ስለሆነ ያቋረጠች ሴት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይሰማትም። ሁለት ሳምንት ቆይታ «ያለ ኪኒንም ደህና ነኝ፣ ድኛለሁ» ትላለች። በስድስተኛው ሳምንት ብርዱ፣ ድካሙ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ የወር አበባ መብዛቱ፣ ትካዜው ይመጣል። ፊቷም ያብጣል። ሰው ግን «ተስማማሽ፣ ወፈርሽ» ይላታል። እኛ አገር ውፍረት የጤና ምልክት ስለሚመስል የመድኃኒት ማነስ እንደ ምስጋና ይተረጎማል። የሰነፈች የምትመስለውን ምራት ከመውቀስ በፊት «ኪኒንሽን ውጠሻል?» ብላችሁ ጠይቁ።

መድኃኒት ከውጭ አገር የሚላክላችሁም ትኖራላችሁ፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ እህት ትልካለች። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን «አንድ ኪኒን» በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም፤ የ25፣ የ50 እና የ100 ማይክሮግራም ኪኒኖች አሉ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ፋብሪካው ከተቀየረም ከ6 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይታይ። ኪኒኑንም ከሙቀትና ከእርጥበት አርቁት፤ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ቦታው አይደለም።

ቲኤስኤች የካንሰሩን ርዝራዥ ሴሎችም እንዲያድጉ ሊገፋፋ ስለሚችል፣ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለባትን ሴት ሐኪሟ ቲኤስኤችዋን ሆን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከ0.1 በታች ድረስ። ዕድሉ ዝቅተኛ የሆነባት ግን ከ0.5 እስከ 2 ባለው ይበቃታል። ይህን ያነሣሁት የላቦራቶሪው ወረቀት «ዝቅተኛ» ብሎ ሲያመለክት አንዳንድ ጊዜ ታሪኳን የማያውቅ ባለሙያ መጠኑን ስለሚቀንስባት ነው። «የእኔ ግብ ይህ ነው» ብላ የምታሳየው ጽሑፍ በእጇ ይኑር። ዝቅ ማድረጉም ዋጋ አለው፤ ልብ ድው ድው ይላል፣ ምቱ ሊዛባ ይችላል፤ ያረጡ እናቶችም አጥንት ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ ግቡ ከዕድሜዋና ከበሽታዋ ጋር እየታየ ይለወጣል፤ ለሁሉም አንድ ቁጥር የለም።

ሰው የሚፈራው ቀጣዩ ነገር ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው። ኪሞ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ፀጉር የሚረግፍበት ዓይነት ሕክምና አይደለም። የታይሮይድ ሴል አዮዲንን ስለሚስብ፣ አዮዲን ተሸክሞት የሚገባው ጨረር የቀሩትን ሴሎች ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሞንቴፊዮሬ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ለተሰራጨ የታይሮይድ ካንሰር የተጠቀሙበትን ውጤት አሳተሙ። ዛሬ ለሁሉም አይሰጥም፤ ትንሽና ያልተሰራጨ ካንሰር ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ አያስፈልጋትም። ሜዱላሪ ለሚባለው ዓይነትም አይሠራም። አገራችን ውስጥ የኒውክሌር ሕክምና የሚሰጥባቸው ቦታዎች ጥቂት በመሆናቸው ውጭ የሚሄዱም አሉ።

የታዘዘላት ሴት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አዮዲን ያለበትን ምግብ ትቀንሳለች። «አዮዲን ያለው ጨው ብሉ» ብለን ለዓመታት የሰበክን ሐኪሞች ለዚያች አጭር ጊዜ ብቻ «ተይው» እንላታለን። እርግዝና እንደሌለ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። የምታጠባም ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ማጥባት ታቆማለች፤ ለዚያ ልጅም ጡት ወደ መስጠት አትመለስም፤ ለሚቀጥለው ልጅ ግን ታጠባለች። ከሕክምናው በኋላ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ማርገዝ አይመከርም። ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ትራቅ፣ ለብቻዋ ትተኛ፣ ዕቃዋም ይለይ፤ ጉርሻውም ይቆይ። ጠያቂ ዘመድ ያን ሳምንት በስልክ ይጠይቃት። ጨረሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አዮዲኑ በ8 ቀን በግማሽ ይቀንሳል። ከቀናቱ በኋላ ልጇን ታቅፋለች፤ ሰው የምትሸሽበት ምንም ምክንያት የለም። ውጭ አገር ታክማ በአውሮፕላን የምትመለስ፣ የአየር ማረፊያ የጨረር መፈተሻ ለሳምንታት ሊጮህባት ስለሚችል ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ትያዝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ረዥሙ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በ6ኛውና በ12ኛው ወር መካከል አንገቷ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ታይሮግሎቡሊን የሚባል የደም ምርመራም ይደረጋል። ታይሮግሎቡሊን የሚሠራው በታይሮይድ ሴል ብቻ ነው። ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ አዮዲኑንም ወስዳ ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ መኖር አለበት፤ እየወጣ ከመጣ ጥያቄ ያነሣል። ሌሎች ሁለት ነገሮች ይታወሱ። ፀረ ታይሮግሎቡሊን አካል ያላቸው ሴቶች ቁጥራቸው ሊያሳስት ስለሚችል ሁለቱም አብረው ይታያሉ፤ ምርመራውም በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ይሁን፤ መለኪያቸው ይለያያልና። ዕጢዋ በግማሽ ብቻ የወጣላት ግን ታይሮግሎቡሊኗ ከቀሪው ዕጢም ስለሚመጣ በሌላ ዓይን ይነበባል። ሜዱላሪ የሆነባት የምትከታተለው በካልሲቶኒን ሲሆን ይህ ዓይነት በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል ልጆቿና እህቶቿም ይመረመራሉ። በሽታው ከተመለሰም ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በአንገት ንፍፊቶች ነው፤ ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። በዚህ ምክንያት «አምስት ዓመት ሞላኝ፣ በቃኝ» አይባልም። በጊዜ የተገኘው በአብዛኛው ይታከማል።

ስለ እርግዝና ደግሞ ሳልነግራችሁ አልወርድም። አንዲት ሴት ስታረግዝ ለፅንሱ ብላ ኪኒኗን ትተዋለች፤ መጥፎ ስሕተት ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለአእምሮ እድገቱ የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። እናቱ ዕጢ የላትም፤ ያለችው በኪኒኗ ነው። እርግዝናው እንደተረጋገጠ መጠኑ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨመራል፤ በሳምንት 7 ትወስድ የነበረች 9 ወደ መውሰድ ትሄዳለች። ይህን አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት፤ ከወለደች በኋላም ወደ ቀድሞው ትመለሳለች። ኪኒኑ ጡት ማጥባትን አይከለክልም። በእርግዝና ክትትል የሚሰጣት አይረን ግን ከኪኒኗ መራቁን አትርሳ።

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ብዙ ሴት «ያ በሽታ» እያለች ስሙን ከባሏ፣ ከአማቷ፣ ከአሠሪዋ ትሰውራለች፤ የደበቀችው ሰው ግን ኪኒኗን የሚያስታውሳት፣ ቀጠሮ ቀን ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ነው። እኛ ባለሙያዎችም ድርሻችንን እንውሰድ፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ስንት ሴቶች ምን ዓይነት ካንሰር እንደነበራቸው ሳይነገራቸው፣ የኪኒን ስም ብቻ ይዘው ይሄዳሉ?

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ የታካሚዋን አራት ወረቀት በአንድ ፌስታል ውስጥ አኑሩ። የመጀመሪያው የባዮፕሲው ማለትም የናሙና ምርመራውና የቀዶ ሕክምናው ውጤት፤ ሁለተኛው የኪኒኗ መጠንና የቲኤስኤች ግቧ፤ ሦስተኛው የታይሮግሎቡሊንና የአልትራሳውንድ ውጤቶች በቀናቸው ተራ፤ አራተኛው የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን። እናታችሁ፣ ሚስታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ በዚህ መንገድ ላይ ካለች ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አራቱን ጠይቁ። የጎደለ ካለ ነገ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ አምጡት፤ ቀጠሮዋ ካለፈ በዚህ ሳምንት አዲስ ቀን አስያዙላት። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ እኔ አላውቅም።